ቄጠማው ሦስት ጠርዝ አለው

ከተማ የሚባለው አትክልተኛ ከጣሊያናዊው ሹም ከሲኞር ፌራንቲ ቤት በተወሰደ በሦስተኛው ቀን የመስታወቱ ገንዳ በሌላው አትክልተኛ በወዳጆ እጅ ወደቀ።

ገንዳው ሳሎን ውስጥ፣ ከትልቁ መስኮት ሥር በብረት እግር ላይ ቆሟል። ርዝመቱ የጎልማሳ ቁመት ያህላል። ውስጡ በመርከብ እስከ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ደግሞ በባቡር የመጡ ቀያይ ዓሦች ይዋኛሉ። ለሚስቱ ለሲኞራ ግን ዓሣው ብቻ አልበቃትም። ቶሪኖ አክስቷ ቤት እንዳየችው፣ ሥሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ቅጠሉን ከውሃው በላይ የሚያወጣ፣ ግድግዳውን የሚያለብስ ለምለም ተክል አማራት። ምስኪኑ ከተማ የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ቆርጦ ከነጭቃው ዘፈቀበት። በሳምንቱ ተክሉ ገማ፣ ውሃው እንደ ጉሽ ጠላ ደፈረሰ፣ አራት ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። ሲኞር ፌራንቲ «መርዝ ነው» አለ። በማግስቱ ካራቢኔሪዎች መጡ። ከዚያ ወዲህ ከተማ የት እንደደረሰ የጠየቀ የለም። መጠየቁ ራሱ ሰውን የሚያስወስድበት ዘመን ነበር።

አሁን ተራው የወዳጆ ሆነ። ወዳጆ ግን ወዳጆ አልነበረም።

እናትና አባቱ ያወጡለት ስም አምኃ ነው። በዘጠኝ ዓመቱ ከአገር ወጥቶ መጀመሪያ እስክንድርያ፣ ከዚያም ፈረንሳይ አገር ሞንፔልዬ ገባ። እዚያ ሰባት ዓመት ሙሉ ስለ ዕፅዋት ተምሮ በ1927 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ተመለሰ። ገና ሥራ ሳይሰጠው የላከው መንግሥት ተበተነ። በ1929 የካቲት፣ ባሕር ማዶ የተማረ ሁሉ እንደ እህል ሲለቀም፣ እሱ ለዘመድ ለቅሶ መናገሻ ሄዶ ነበር። ሲመለስ አብረውት በባቡር ከመጡት አምስት ባልንጀሮቹ አንዱንም አላገኘም። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የምትኖረው አክስቱ ወይዘሮ ሸዋዬ ዲፕሎማውን ምድጃ ውስጥ ጨመረችው፤ መጻሕፍቱንም አስከተለች። ከዚያ በተስቦ የሞተባትን የአንድ ልጇን ወረቀት ከሙዳይ አውጥታ ሰጠችው።

«ከዛሬ ጀምሮ ወዳጆ ነህ። ወዳጆ አትክልተኛ ነው። ወዳጆ ሀ ሁ አይለይም» አለችው።

አዲስ በተሠሩት የጣሊያን ሹማምንት ቤቶች፣ ሕዝቡ ካዛንቺስ ማለት በጀመረው ሰፈር፣ ሥራ ሲይዝ «ዋስ ጥራ» ተባለ። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ የፈረመችለት እሷው ናት። እሱ ቢጠፋ የምትታሰረው እሷ፤ እሱ ሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ ሐሰተኛ ዋስ ተብላ የምትጠየቀውም እሷ።

«ሆን ብለህ አበላሸው» አለችው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ደጃፏ ላይ ምስር እየለቀመች።

«ካበላሸሁት የከተማ ዕጣ ይደርሰኛል።»

«እንግዲያው አሳምረው።»

«ካሳመርኩትስ? ይህን ማን አስተማረህ ሲሉኝ ምን ልበል?»

«ትንሽ አሳምረዋ!»

«ትንሽ ማሳመር እንዴት ነው የሚደረገው፣ አክስቴ?»

«እኔን ነው የምትጠይቀው? ሰባት ዓመት የተማርከው አንተ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ወዲያው ደረቀ። «ስማኝ ወዳጆ። ያወቅከውን እንደ ኮሶ ዋጥ አድርገው። ቢመርህም አትትፋው።»

ብቻቸውን ሲሆኑ እንኳ አምኃ ብላ አትጠራውም። በሟቹ ስም ስትጠራው አንዳንዴ ዓይኗ በትከሻው ላይ አልፎ ሌላ ሰው ያይ ይመስለዋል። በፈረንሳይ አገር «ሐበሻው» ነበር፤ እዚህ ሲመለስ አረማመዱን ያዩ የሰፈር ልጆች «ፈረንጁ» አሉት፤ አሁን ደግሞ የሞተ ሰው ሆኗል። የትኛው ላይ እንደሚያርፍ ራሱም አያውቅም።

ሰኞ ማለዳ ማጭድና ቅርጫት ይዞ ከቂርቆስ በታች ወዳለው ወንዝ ወረደ። የፌራንቲ ቤት ልብስ አጣቢ ቡዜ ቀድማው ደርሳ፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ አንሶላ ድንጋይ ላይ ትወቅጣለች። ምላሷ ከእጇ የሚፈጥን፣ አርባ ያለፋት ሴት ናት።

አምኃ ዳሩን ይዞ ቀስ እያለ ሄደ። ወንዝ ዳር የበቀለ ሁሉ አይሆንም። ጎርፍ ሲመጣ ለአንድ ቀን ጠልቆ የሚተርፍ ብዙ ነው፤ ዓመት እስከ ዓመት ሥሩ ውሃ ውስጥ ውሎ የማይበሰብስ ጥቂት ነው። መጀመሪያ ቄጠማ መረጠ። ቁመቱ ለኋላ ግድግዳ ይሆናል፤ ሥሩም ዓሣ የሚያቆሽሸውን ውሃ ያጠራል። ከዚያ የውሃ አንቁር፤ በየአንጓው ሥር ስለሚያወጣ ከገንዳው ጠርዝ ወደ ታች ይንዘረፈፋል፣ ሰማያዊ አበባም አለው። ጥላ ውስጥ ያገኘውን እንሶስላ ግን ይዞ ብዙ አመነታ። ቅጠሉ ያማረ ነው፤ ግን ግንዱ ውሃ የቋጠረ፣ ለመበስበስ የቀረበ ነው። አንገቱን ከውሃ ካራቁለት ግን ይኖራል።

«እንሶስላ ለምንህ ነው?» አለች ቡዜ ከወዲያ ማዶ። «ልትሞሸር ነው እንዴ?»

«ለሲኞራ ነው፣ እትዬ ቡዜ።»

«ጎሽ! እንሶስላ ትሙቅልኝ። ያኔ ቢያንስ በእጃችን ቀለም እንመሳሰላለን።» አንሶላውን ጠመዘዘችና ዓይኗን ጣል አደረገችበት። «አንተ ግን ምን ሆነሃል? ከተማ ከነአፈሩ ነበር የሚያመጣው። አንተ ሥሩን እንደ አራስ ልጅ ገላ ታጥበዋለህ።»

እጁ ውሃው ውስጥ ቀጥ አለ። ሳያውቀው የሥሩን ጭቃ በጣቱ ጫፍ፣ ጭራ ጭራውን እየለየ ሲያጥብ ነበር።

«ሲኞራ ጭቃ ትጸየፋለች» አለ።

«እሷ የማትጸየፈው ምን አለ!»

ከረፋዱ ላይ ሳሎን ገባ። ሸምበቆ ለሁለት ሰንጥቆ፣ ሆዱን በስቶ፣ በገንዳው የኋላ ጠርዝ ላይ አጋደመው። ተክሉን በየቀዳዳው አሾለከው፤ ሥሩ ብቻ ውሃ እንዲነካ፣ አንገቱ አየር ላይ እንዲሆን። ከዚያ ማጭዱን አንስቶ የየቅጠሉን ግማሽ ቆረጠ።

አስተርጓሚው አስመላሽ በሩን ተደግፎ ሲጋራ ያጨሳል። የአሥመራ ሰው ነው። ከሲኞር ፌራንቲ ጋር መሥሪያ ቤት አርፍዶ ለምሳ አብሮት ይመጣል። ድምፁ ለስላሳ፣ ዓይኑ የማያርፍ ነው።

«ይህን ማን አስተማረህ?»

«አባቴ ነው፣ ጌታዬ።»

«አባትህ ዓሣ ነበር?»

ወጥ ቤት በር ላይ የቆመችው ቡዜ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። አምኃም ለመሳቅ ሞከረ።

«ቅጠሉን ለምን ቆረጥከው? ምን አደረገህ?»

የተቆረጠ ሥር እስኪያገግም ቅጠሉ የሚያስወጣውን ያህል ውሃ መሳብ ስለማይችል ነው፤ መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው።

«እንዳይከብደው ነው፣ ጌታዬ።»

«እንዳይከብደው» አለ አስመላሽ ቃሉን በዝግታ ደግሞ። ያ ቃል ሌሊቱን ሁሉ አምኃን ሲወጋው አደረ።

የአክስቱን ምክር ለመፈጸም ብሎ በገንዳው ግራ ማዕዘን አንድ ጽጌረዳ ልክ እንደ ከተማ አድርጎ ዘፍቆ ነበር። አንዱ ቢበሰብስ፣ ሌላው ቢለመልም፣ እንደ ዕድል ይቆጠርለታል። በሦስተኛው ቀን ግንዱ ጠቆረ። በአራተኛው ቀን ዓሦቹ ከዚያ ማዕዘን መሸሽ ጀመሩ። አምኃ እያለፈ እየተመለሰ ያየዋል፤ እንደ ጥርስ ሕመም ነዘነዘው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከተማረው አንዲት ነገር አልሠራም፤ አሁን የሚሠራት አንዲት ነገር ደግሞ ሆን ተብላ ትበላሽ? በአምስተኛው ቀን ማንም ሳያይ ጽጌረዳውን ነቅሎ ጣለና በቦታው የውሃ አንቁር ሰካ። እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ ስሕተት መሥራቱን ያውቀው ነበር። ሆኖም ደስ አለው።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ቄጠማው መስኮቱን አጋመሰ። የውሃ አንቁሩ እንደ መጋረጃ ወረደ። እንሶስላው አበበ። ሲኞራ ጎረቤቶቿን እየጠራች አሳየች፤ ሲኞር ፌራንቲም በኩራት ተነፋ። በምሳ ሰዓት ለሚስቱ በጣሊያንኛ «ቅዳሜ ዶቶር ማሪኒን ጋብዣለሁ። የእርሻ ሰው ነው፤ ዕፅዋት ያጠናል። ይህን ሲያይ ይደነቃል» ሲላት አምኃ ከበስተጀርባቸው ውሃ ይጨምር ነበር። ጣሊያንኛና ፈረንሳይኛ እኅትማማቾች ናቸው፤ ከገባ በወሩ ሁሉን ይሰማ ነበር። ከገንዳው ሥራ ይልቅ የከበደው ሥራ መስማቱን መደበቅ ነበር።

የዚያ ዓመት የሐበሻ ፋሲካ ከጣሊያኖቹ በሳምንት ዘግይቶ ዋለ። ቅዳሜው ቀዳም ሥዑር ሆነ። ጠዋት ቂርቆስ ካህናቱ ቄጠማ አደሉ፤ ቡዜም ወጥ ሠሪውም ዘበኛውም በየራሳቸው ዙሪያ አስረው ገቡ። አምኃ ግን ቤተ ክርስቲያን አልሄደም። ሕዝብ መካከል የሚያውቀው ሰው እንዳያጋጥመው ይፈራል።

«አንተ፣ ቄጠማህስ?» አለችው ቡዜ። «በላኸው? ፍየል!»

ዶቶሬው ከቀትር በኋላ መጣ። ቀጭን፣ ባለ መነጽር፣ ማጅራቱን ፀሐይ ያቃጠለው ሰው ነው። ሱሪው ላይ ጭቃና የጭጎጎት ፍሬ ተለጥፏል፤ ሜዳ የሚውል ሰው እንጂ ወንበር የሚያሞቅ አይደለም። አምኃ ያን ፍሬ ሲያይ ፈራ።

ሁሉም እንደ ፋሺስቶቹ ደንብ ክንዳቸውን ዘርግተው ሰላምታ ሰጡ። ዶቶሬው አላያቸውም። ወደ ገንዳው ሄዶ ጎንበስ አለ። ሸምበቆውን በጣቱ ቀና አድርጎ ሥሮቹን አየ። የቅጠሎቹን የቆየ ቁርጥ አየ።

«ማነው የሠራው?» አለ በጣሊያንኛ።

«ያ አሽከር» አለ ፌራንቲ።

ዶቶሬው ፊቱን ሳያዞር፣ በዝግታ፣ በፈረንሳይኛ እንዲህ አለ፤ «እግርህ ሥር ጊንጥ አለ።»

አምኃ ባዶ እግሩን ነው። ጣቶቹ ሊታጠፉ ሲሉ ተሰማው። አላጠፋቸውም። ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ እንደ ግንድ ቆመ። ዶቶሬው ከመነጽሩ በላይ አየውና ትከሻውን ሰበቀ። አምኃ ውስጥ ውስጡን ኩራት ሽው አለበት፤ አለፍኩት አለ በልቡ።

ከዚያ ዶቶሬው ወደ ቡዜ ዞረ። «ይህን ሣር ራሳቸው ላይ ለምን አሰሩት?»

አስመላሽ መለሰ፤ የጥፋት ውሃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሰረችው ርግብ ይዛ የመጣችው የለምለም ቅጠል ምሳሌ መሆኑን፣ ነገ ፋሲካ መሆኑን አስረዳ። ዶቶሬው በጥሞና ሰማ። እጁን ሰዶ ከገንዳው አንድ ዘለላ ቄጠማ ቀነጠሰና ወደ አምኃ ዘረጋው።

«እሱ አላሰረም። ይሰር እንጂ፤ በዓሉ ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ተቀብሎ፣ እጅ ነሥቶ ራሱ ላይ ይጠመጥመው ነበር። ቡዜ ብትሆን ዓይኗን ሳታሽ ታስረው ነበር። የአምኃ ልብ ግን አሁንም ጊንጡ ላይ ነው፤ ጆሮው ፌራንቲ ለሚስቱ የሚያንሾካሹከው ላይ ነው። ቄጠማውን የተቀበለው እጁ ብቻ ነው። እጁ ደግሞ የለመደውን አደረገ።

በሞንፔልዬ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሽማግሌ መምህር ዓይን አስጨፍኖ ያስተማራቸው ነገር ነበር። ሣር ነው ወይስ ቄጠማ? በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አንከባልሉት። የሣር ግንድ ክብ ነው፣ ይሽከረከራል። የቄጠማ ሦስት ጠርዝ አለው፣ ጣት ላይ ይቆማል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አምኃ አንድም ዘለላ ሳያንከባልል ይዞ አያውቅም።

አንድ ጊዜ አሽከረከረው፤ ሁለት ጊዜ። ቀና ሲል ዶቶሬው ፊቱን አልነበረም የሚያየው። ጣቶቹን ነበር። አስመላሽም ጣቶቹን ያይ ነበር።

አምኃ ቄጠማውን ራሱ ላይ አሰረ። ዘግይቶ ነበር።

ዶቶሬው ፈገግ አለ፤ ዓመት ሙሉ የፈለገውን ተክል ገደል አፋፍ ላይ እንዳገኘ ሰው። ተጠጋውና በፈረንሳይኛ አንዲት ቃል ብቻ ተነፈሰ።

«የት?»

የት ተማርክ ማለቱ ነበር። ዶቶሬው መልስ አልጠበቀም። ወደ ፌራንቲ ዞሮ አትክልተኛውን እንዲያውሰው ጠየቀ። ፌራንቲ ሳቀ፤ «ቄጠማውን ጨምረህ ውሰደው!» አለ።

«ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ዶቶሬው መሥሪያ ቤት ትቀርባለህ» ሲል አስመላሽ ተረጎመ። «የራስህንና የዋስህን ወረቀት ይዘህ።»

ወደ ማታ አምኃ ሲወጣ አስመላሽ ከግቢው በር ውጭ ጠበቀው። ሲጋራውን ጣለና በጫማው ረገጠው።

«እስካሁን የነገርኩህ እሱ ያለውን ነው። አሁን ደግሞ የራሴን ስማ። ጊንጡ ላይ ጎበዝ ነበርክ።»

አምኃ ያልገባው መሰለ። «ጌታዬ፣ ምን እንደሚሉ...»

«ተወው እባክህ። እኔም ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ቀምሻለሁ።»

«ልትነግርብኝ ነው?»

«እኔ? እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ያልተባለ አልተረጉምም።» ግራና ቀኝ መንገዱን አየ። «ጥፋ ልልህ ነበር። ዋስህ ማን ነው?»

«አክስቴ።»

አስመላሽ ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ። «እንግዲያው አትጠፋም» አለና ሄደ።

የፋሲካ ዕለት ወይዘሮ ሸዋዬ ያሰናዳችውን ዶሮ ሁለቱም አልነኩትም። የሆነውን ሁሉ ነግሯታል።

«ቡልጋ አርበኞች አሉ። ዛሬውኑ ውጣ» አለች።

«አንቺስ?»

«እኔን አሮጊቷን ምን ያደርጉኛል?»

ምን እንደሚያደርጓት ሁለቱም ያውቃሉ። የጎረቤታቸው የወይዘሮ አየለች ልጅ የጠፋ ዕለት አየለችን በከባድ መኪና ጭነው ወደ ሱማሌ በረሃ ወስደዋታል። ቤቷ እስከ ዛሬ ክፍት ነው፤ ዶሮ ይገባበታል።

«አብረን እንውጣ።»

«በዚህ ጉልበቴ? ኮተቤ ሳንደርስ ትሸከመኛለህ» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «አንዱን ቀብሬያለሁ። ሁለተኛውን መቅበር አልፈልግም፣ አምኃ።»

ወዳጆ ካለችው ወዲህ በስሙ ስትጠራው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ነገሩ ምን ያህል እንደከፋ ከዚያ ይልቅ የነገረው የለም።

ሰኞ በሁለት ሰዓት ደረሰ። የዶቶሬው ክፍል የብል መድኃኒትና የደረቀ ድርቆሽ ይሸታል። በጋዜጣ መካከል የተጫኑ የደረቁ ተክሎች ከወለል እስከ ሰው ራስ በላይ ተከምረዋል። ዶቶሬው ወንበር በእግሩ ገፋለት።

«ተቀመጥ።» ፈረንሳይኛ ነው። አገሬው በጣሊያን ፊት አይቀመጥም። አምኃ እንደቆመ ቀረ። «ቆመህ መጻፍ ትችላለህ?» አለው ዶቶሬው፣ እንደ መቀለድ። «ይህ ክምር ስም የለውም። ከየአውራጃው ያመጡልኝ ወታደሮች ናቸው፤ ወታደር ጥጥና እሾህ አይለይም። እኔ ብቻዬን ከዓመት በላይ ይፈጅብኛል።» መሳቢያውን ከፍቶ በጽሕፈት መኪና የተጻፈ ወረቀት አወጣ። «ይህ ደግሞ የካራቢኔሪዎች ነው። ውጭ አገር ተምረው ተመልሰው ያልተገኙ ሰዎች ዝርዝር። አንዱ ስም ፊት ለፊት ዕፅዋት፣ ሞንፔልዬ ይላል። ሞቷል ብዬ ልጽፍላቸው እችላለሁ። ገና አልጻፍኩም።»

አምኃ ወረቀቱን ሳይሆን ክምሩን አየ። በፈረንሳይኛ አፉን ከፈተ፤ ድምፁ ለራሱ የሌላ ሰው መሰለው።

«ክምሩ ሲያልቅስ?»

ዶቶሬው መነጽሩን አውልቆ ወለወለ። «ሲያልቅ እናያለን።»

አምኃ ተቀመጠ። ዶቶሬው ብዕሩን ሰጠው።

በዚያ ሳምንትም በሚቀጥለውም ጻፈ። ያሳፈረው ነገር መፍራቱ አልነበረም፤ መደሰቱ ነበር። ጠዋት መንገዱን የሚወርደው እየተጣደፈ ነው። ወታደር ጎጃም ውስጥ ረግጦት ያለፈውን ተክል አጉልቶ በሚያሳይ መስተዋት ሲያይ፣ አበባውን ፈልቅቆ ወገኑን ሲለይ፣ ስሙን በጥሩ ጽሕፈት ግርጌው ላይ ሲያሰፍር ጊዜው ያመልጠው ነበር። ማታ ወይዘሮ ሸዋዬ ደጃፏ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። መምጣቱን አይታ ትገባለች፤ ሌላ አትጠይቅም።

ግንቦት ሲጋመስ፣ አንድ ዓርብ፣ ዶቶሬው ከኋላው መጥቶ ቆመ። ክምሩን አየው። ከሰው ራስ በላይ የነበረው ከወገብ በታች ወርዷል።

«እጅህ ፈጣን ነው» አለ፣ ከልቡ አድንቆ። «በዚህ አያያዝህ ክረምቱ ሳይገባ እንጨርሳለን።»

ዝርዝሩ ያለበት መሳቢያ ተከፍቶ ሲዘጋ ተሰማ።

አምኃ ከክምሩ ላይ ቀጣዩን ወረቀት አነሣ። ጋዜጣውን ገልጦ ቅጠሉን ገና ሲያየው አወቀው። መስተዋቱን አስጠጋ። አገላበጠው። ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረና፣ የማያውቀው ተክል እንደሆነ ሁሉ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ሳይጽፍ ብዙ ቆየ።